ስለ ምስጠራ ለመማር በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? ለአንዲት የሒሳብ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የሒሳብ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ክሪፕቶግራፊ፣ ማለትም ስለ ምስጠራ ጥበብ፣ ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ እዚያው ቀርቷል። አንድ ጓደኛዬ ‹አፕላይድ ክሪፕቶግራፊ› የተባለውን ወፍራም መጽሐፍ አውሶኝ ነበር፤ አርባ ገጽ ሳልደርስ ተውኩት። የአጎቴ ልጅ በጥር ከዋሽንግተን ሲመጣ ሁለት መጽሐፍ ይዤልሽ እመጣለሁ ብሎኛል። የኮድ መስበርን ትምህርት ለመጀመር የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጽሐፉን ስለተውሽው አይክፋሽ። የብሩስ ሽናየር «አፕላይድ ክሪፕቶግራፊ» ሁለተኛ እትሙ የወጣው በ1996 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከሰባት መቶ ገጽ በላይ አለው፤ የተጻፈውም የሚያስፈልገውን ስልት ፈልጎ አውጥቶ ወደ ፕሮግራሙ ለሚያስገባ ባለሙያ ነው። እርሱን ከፊት ገጽ ጀምሮ ማንበብ መዝገበ ቃላትን ከ«ሀ» ጀምሮ እንደማንበብ ነው፤ ቃሉ ሞልቷል፣ ቋንቋው ግን አይገኝም። ደግሞም አርጅቷል። ዛሬ ባንኩም ስልኩም የሚጠቀምበት ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት በአሜሪካ መንግሥት የጸደቀው በ2001 ስለሆነ እዚያ ውስጥ አታገኚውም። ደራሲው ራሱ በ2000 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ በሒሳቡ ላይ የጣለው እምነት ከልክ ያለፈ እንደነበረ ሳይሸፋፍን ጽፏል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው አከብራለሁ፤ መጽሐፉን ግን ለጀማሪ አልሰጥም።

«ክሪፕቶግራፊ» በሚለው አንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ ሙያዎች አሉ። አንዱ ታሪክ ነው፦ ማን ጻፈ፣ ማን ጠለፈ፣ በዚህ ሰበብ የማን አንገት ተቀላ። ሌላው የተመሰጠረ ጽሑፍ ፊት ለፊት አስቀምጦ እስኪፈታ ድረስ በእጅ መታገል ነው። ሦስተኛው ከሒሳብና ከኮምፒውተር የተሠራው የዛሬው ሳይንስ ነው። የመጽሐፍ ምርጫ የሚበላሸው ሰው የአንዱን ፈልጎ የሌላውን ሲገዛ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ስለ መስበር ነው፤ የተዋስሽው ግን ስለ መገንባት የሚናገር መጽሐፍ ነበር።

ታሪኩን ከፈለግሽ የሳይመን ሲንግን «ዘ ኮድ ቡክ» የሚተካ እስካሁን አላገኘሁም። በ1999 የወጣ ነው፤ የሚጀምረውም በስኮትላንዷ ንግሥት በሜሪ ነው። ሜሪ በእንግሊዝ አገር ታስራ ሳለች አንተኒ ባቢንግተን ከሚባል ወጣት ጋር በምስጢር ትጻጻፋለች። ደብዳቤው በቢራ በርሜል ውታፍ ውስጥ ተሸጉጦ ይገባል፣ ተሸጉጦ ይወጣል። ፊደሉ ሁሉ በምልክት ስለተተካ ሁለቱም የልባቸውን ጻፉ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥን ስለመግደል ሳይቀር። ቶማስ ፊሊፕስ የተባለው የመንግሥት ምስጢር ፈቺ ግን እያንዳንዱን ደብዳቤ እየገለበጠ ያነብ ነበር። ይህ አልበቃው ብሎ በሜሪ ደብዳቤ ግርጌ፣ በራሷ ምልክቶች፣ የሴረኞቹን ስም የሚጠይቅ መስመር ጨመረበት። በ1587 የሜሪ አንገት ተቀላ። ምስጠራው ባይኖራት ኖሮ ያን ያህል ደፍራ ባልጻፈች ነበር፤ ደካማ ቁልፍ ያለበት በር ክፍት ከሆነ በር የሚብሰው በዚህ ነው።

ሲንግ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ፣ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል ኪንዲ የፊደላትን ድግግሞሽ በመቁጠር ብቻ ምስጢር መፍታት እንደሚቻል እንዴት እንደጻፈ ይተርካል። ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን መመስጠሪያ ማሽን በተመለከተም ለፖላንዶቹ የሚገባቸውን ክብር ሰጥቷል። ፊልም ብቻ ያየ ሰው ኤኒግማን እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው አለን ቱሪንግ ብቻውን የሰበረው ይመስለዋል፤ ማሪያን ሬየቭስኪ የተባለው ፖላንዳዊ የሒሳብ ሰው ግን ጦርነቱ ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1932 መጨረሻ፣ የማሽኑን የውስጥ ሽቦ አሠራር፣ የፈረንሳይ ስለላ ባገኛቸው ሰነዶች እየታገዘ፣ በሒሳብ ደርሶበት ነበር። አንቺ የሒሳብ ተማሪ ስለሆንሽ ይህን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቢው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። የሲንግ አጻጻፍ እንደ ልብ ወለድ ስለሚያስኬድ አንባቢው የተረዳ ይመስለዋል። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ፈተና ቀላል ነው፦ በቁልፍ ቃል የሚመሰጥረውን የቪዠኔርን ስልት ምዕራፍ ጨርሳችሁ መጽሐፉን ዝጉ፤ እኔ የመሰጠርኩትን ግማሽ ገጽ ፍቱ። ከአሥሩ ስምንቱ እርሳሱን ይዘው ይቀራሉ። ሲንግ ራሱ ይህን ያወቀ ይመስላል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ አሥር ደረጃ ያለው የተመሰጠረ ጽሑፍ አስቀምጦ ሁሉንም ለፈታ አሥር ሺህ ፓውንድ ሽልማት አቅርቦ ነበር፤ በ2000 የስዊድን ቡድን ወስዶታል። ገንዘቡ አልቋል፤ የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ግን ዛሬም ጥሩ መልመጃ ናቸው።

የዴቪድ ካህንን «ዘ ኮድብሬከርስ» ማንም ሰው ይመክርሻል። በ1967 የወጣ፣ ከሺህ ገጽ የሚበልጥ፣ የመስኩ ታሪክ ሁሉ የሚጠቅሰው መጽሐፍ ነው። ለአጎትሽ ልጅ ሻንጣ ግን አዝኛለሁ፤ በኪሎው ጫማ ያምጣልሽ። ከቤተ መጻሕፍት ካገኘሽው የፈለግሽውን ምዕራፍ ነጥለሽ አንብቢ። የታሪክ ፍቅር ካለሽ ደግሞ ጉዳዩ ከእኛ በጣም የራቀ እንዳልሆነ እወቂ። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን ከኬረን እስከ አምባላጌ ሲያሳድድ የጣሊያን አዛዦች የተመሰጠሩ የሬዲዮ መልእክቶች እየተፈቱ ለእንግሊዝ መኮንኖች ይደርሱ ነበር። በአገራችን ምድር በተደረገ ጦርነት የኮድ ሰበራ ድርሻ ምን እንደነበረ በአማርኛ ሰፋ አድርጎ የሚጽፍ የታሪክ ሰው ቢገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ልብሽ ጥያቄ ልምጣ። መስበርን ለመማር አማተሮች ዘንድ የታወቀው የሄለን ፉሼ ጌንስ መጽሐፍ ነው፤ በ1939 የወጣ፣ መልመጃ የሞላበት፣ በርካሽ እትም ዛሬም የሚገኝ። ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን የአብርሃም ሲንኮቭን «ኤሌመንታሪ ክሪፕታናሊሲስ» ግዢ። ሲንኮቭ የሒሳብ ዶክተር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውስትራሊያ የጃፓንን ኮድ ይሰብሩ ከነበሩት መሪዎች አንዱ ነው። መጽሐፉ በ1966 ወጣ፤ በ2009 ታድሶ ታትሟል። ቀጭን ነው። እያንዳንዱን ፊደል እኩል ቤት የሚያሻግረውን የቄሣርን ስልት በሞዱላር ሒሳብ፣ ፊደላትን በቡድን የሚመሰጥረውን የሂልን ስልት በማትሪክስ ያስረዳል፤ ማለትም በሁለተኛ ዓመት ለፈተና ብለሽ ያጠናሽው ሊኒየር አልጀብራ ድንገት ሥራ ያገኛል። ለሌላ ሰው ቢሆን ጌንስን አስቀድም ነበር፤ ለሒሳብ ተማሪ ግን ሲንኮቭን የሚያህል መግቢያ የለም። የአሜሪካዊው ኮድ ሰባሪ የዊልያም ፍሪድማንም የወታደራዊ ኮድ ሰበራ ማስተማሪያዎች ምስጢርነታቸው ተነሥቶ በነፃ ስለሚገኙ ገንዘብ አታውጪባቸው።

እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ የሚቆጥሩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አንቺ በአማርኛም ሞክሪው። የራስሽን ጥያቄ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልውሰድ፦ «የኮድ መስበርን ትምህርት ለመጀመር የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ»። ሠላሳ ፊደል አለው። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ሳድስ ናቸው። «መ» አራት ጊዜ፣ «ት» ሦስት ጊዜ፣ «ር»ም ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በአንድ መስመር ይህን ያህል ከታየ በአንድ ገጽ ምን ሊታይ እንደሚችል ገምቺ። በሌላ በኩል እንግሊዝኛ 26 ፊደል ሲኖረው የእኛ 33 ቤተሰብ በሰባት ሲባዛ 231 ምልክት ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው በሌላ ምልክት ከተተካ ለመፍታት ከእንግሊዝኛው የበዛ ጽሑፍ ያስፈልግሻል። በዚያ ላይ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እንደ ጸሐፊው ልማድ ስለሚፈራረቁ ቆጠራሽን ያዛቡታል። ለፊደል መምህሩ ራስ ምታት የሆነው ነገር ለምስጢር ጸሐፊው ስጦታ ነው ማለት ነው።

የቄሣርን ስልት ወደ ፊደል ገበታችን እናምጣው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉትን 33 ቤተሰቦች በቁመት ደርድሪ፤ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቤት ወደ ታች አውርጂው፤ ግዕዝነቱን፣ ካዕብነቱን፣ ሣልስነቱን ግን አትንኪ። ከ«በ» ሦስት ቤት ሲወረድ «ኀ» ነው፤ ስለዚህ «ቡ» «ኁ» ይሆናል። ከ«ነ» ሦስት ቤት ሲወረድ «ከ» ነው፤ ስለዚህ «ና» «ካ» ይሆናል። «ቡና» የነበረው «ኁካ» ሆነ። «ሰላም» ደግሞ «በሣስ» ይሆናል። ያምራል፤ ግን ጠላትሽ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክሮ ይደርስበታል። ያንን እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ ድምፁ እንዳለ ስለተቀመጠ ቃሉ ሲነበብ ዜማው አልተለወጠም። ምን እንደሚያሾልክ በእጅሽ እስክታዪው ድረስ የትኛውም መጽሐፍ ይህን አያስተምርሽም።

ልጅ ሳለን የወፍ ቋንቋ የምንለው ነበር፤ በየፊደሉ ኋላ «ዘ»ን በዚያው ድምፅ እየጨመርን «ቡና» ለማለት «ቡዙናዛ» የምንለው። እናታችን ጭራሽ አይገባትም ብለን እናምን ነበር። አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር ስኳር ልንሰርቅ በዚያው ቋንቋ ስንመካከር ከጓዳ «ስዝኳዛርዝ የዘለዘምዝ» ብላ መለሰችልን። የዚያን ቀን የተማርኩትን ኦገስት ከርክሆፍስ የተባለው የኔዘርላንድ ተወላጅ በ1883 በደንብ ጽፎታል፦ ስልቱ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልተያዘ ድረስ ምስጢሩ መጠበቅ አለበት። የወፍ ቋንቋ ቁልፍ የለውም፤ ስልቱን ያወቀ ሁሉንም አወቀ። በመጽሐፍ መደብር ቆመሽ አንድን የክሪፕቶግራፊ መጽሐፍ ስታገላብጪ ይህ ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥ መኖሩን እዪ፤ ከሌለ መልሰሽ አስቀምጪው።

ወደ ዛሬው ሳይንስ ስንመጣ የሁለተኛው መጽሐፍ ምርጫዬ የክሪስቶፍ ፓር እና የያን ፔልዝል «አንደርስታንዲንግ ክሪፕቶግራፊ» ነው። በ2010 የወጣ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ መልመጃ አለው፤ ፕሮፌሰር ፓር ክፍል ውስጥ ሲያስተምርበት የተቀረጸው ቪዲዮም በእንግሊዝኛ በነፃ ይገኛል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፈ ነው የሚያስተምረው፤ ከዩኒቨርሲቲ ክፍልሽ እንዳልወጣሽ ይሰማሻል። ሒሳቡን የሚፈልገውን ያህል ብቻ፣ በሚፈለግበት ቦታ ያስገባል። ለአንቺ አንዳንዱ ቦታ ዘገምተኛ ይሆንብሻል፤ እለፊው።

የብቸኛ ቁጥሮች ትምህርት ምን ይሠራል ብለሽ ከተጠራጠርሽ አርኤስኤ የተባለውን፣ ጥንካሬው ትልቅ ቁጥርን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ መለየት አዳጋች በመሆኑ ላይ የቆመውን የምስጠራ ስልት ታሪክ አስቢ። በ1977 ፈጣሪዎቹ ባለ 129 አኀዝ ቁጥር በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ አስወጥተው ሁለቱን ብቸኛ አካፋዮቹን አግኝቶ መልእክቱን ለሚፈታ መቶ ዶላር እንሰጣለን አሉ። ሥራው በዓመት ቢቆጠር እጅግ ብዙ ሚሊዮን ዘመናት ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ ነበር። በ1994፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በኢንተርኔት የተባበሩ ስድስት መቶ ያህል ፈቃደኞች ፈቱት። ኮምፒውተሩ ፈጥኗል፤ ከዚያ በላይ ግን አካፋይ የማግኛው ሒሳብ ተሻሽሏል። ፓርን ስታነቢ ስለ ቁልፍ ርዝመት የተጻፈውን ቸል አትበዪ የምለው ለዚህ ነው።

ከፓር በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ሒሳቡ የሚያስደስትሽ ከሆነ ካትዝ እና ሊንዴል የጻፉት «ኢንትሮዳክሽን ቱ ሞደርን ክሪፕቶግራፊ» አለ፤ «ደኅንነት» ለሚለው ቃል መጀመሪያ ትርጉም ሰጥቶ ከዚያ በማስረጃ የሚሄድ ነው፤ ፕሮባቢሊቲሽን አድሺ። ወደ ሥራው ካደላሽ የዣን ፊሊፕ ኦማሶንን «ሲሪየስ ክሪፕቶግራፊ» አንብቢ፤ በ2017 ወጥቶ በ2024 ታድሷል። ይህን መጽሐፍ የምወድበት ምክንያት አለኝ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚዘጋው ነገሩ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል በማሳየት ነው። ስለ መገንባት ጽፎ መስበርን ያልረሳ ደራሲ ጥቂት ነው።

ስለ መበላሸት ካነሣሁ የራሴንም ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ፣ የሠራተኞችን ሰነዶች የምመሰጥርበት የራሴን ፕሮግራም ጻፍኩ። ስምንት ፊደል ያለው የይለፍ ቃል እየደጋገመ ከፋይሉ ጋር ኤክስኦር በሚባለው ስሌት የሚያዋህድ ነበር፤ በዚህ ስሌት ከጽሑፉ፣ ከቁልፉና ከተመሰጠረው ሁለቱን የያዘ ሦስተኛውን ያገኛል። ስከፍተው ትርጉም የሌለው ቆሻሻ ብቻ ስለሚታይ ኩራቴ ወደር አልነበረውም። አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ፋይሉን ወስዳ ከምሳ ስትመለስ የይለፍ ቃሌን በወረቀት ላይ ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሰነዶቹ ፒዲኤፍ ነበሩ፤ ፒዲኤፍ ሁሉ በሚታወቅ መለያና በእትም ቁጥር ይጀምራል፤ እርሱም ስምንት ምልክት ነው። የታወቀውን ከተመሰጠረው ጋር መልሳ ስታዋህደው ቁልፉ ራቁቱን ወጣ። በዚያን ጊዜ መደርደሪያዬ ላይ አራት የክሪፕቶግራፊ መጽሐፍ ነበረኝ፤ አንዱንም ግን መልመጃውን እየሠራሁ አላነበብኩም ነበር። የራስሽን ምስጠራ ለመፍጠር ምናልባት በሦስተኛው ወር እጅሽን ያሳክክሻል። ፍጠሪ፣ ለጓደኞችሽም ስጪና ይስበሩት፤ እውነተኛ የሰው መረጃ ግን አታስገቢበት።

እንግዲህ ለአጎትሽ ልጅ ሲንኮቭንና ፓርን ንገሪው። ሲንግ ብዙ የተሸጠ መጽሐፍ ስለሆነ አዲስ አበባ ስትመጪ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ጠይቂ። ማጣቀሻ ካስፈለገሽ በ1996 የወጣው የሜኔዚስ፣ የቫን ኦርስኾትና የቫንስቶን «ሃንድቡክ ኦቭ አፕላይድ ክሪፕቶግራፊ» በደራሲዎቹ ፈቃድ ምዕራፍ በምዕራፍ በነፃ ይወርዳል። ፕሮግራም መጻፍ ከጀመርሽ ደግሞ ክሪፕቶፓልስ እና ክሪፕቶሃክ የተባሉት የመልመጃ ስብስቦች አሉ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። የእኔን የስምንት ፊደል ቅሌት የሚመስል መልመጃ በክሪፕቶፓልስ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ታገኚዋለሽ። እነዚህ እንዲሰበሩ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተርና ፋይል ግን አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለመማር ብዬ ነው የሚለውን አይሰማም።

መጀመሪያ ሌላ ትምህርት ያስፈልገኛል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ብትጠይቂ ኖሮ የለም እልሽ ነበር። የያዝሽው ሒሳብ ይበቃሻል። መጻሕፍቱ እስከ ጥር እስኪመጡ ግን ሥራ ፈትተሽ እንዳትቀመጪ ከላይ ባሳየሁሽ የፊደል ገበታ ስልት የተመሰጠረች ምክር ልኬልሻለሁ። የሚወረደው ቤት ብዛት ሦስት አይደለም። በመካከለኛው ቃል መጨረሻ ላይ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ጎን ለጎን መቆማቸውን ልብ በዪ፦

ቀጸቀቲጫ ዝትቻች ፅጢ